ኅዳጉን ያነሣሁ ዕለት

በሁለት ሺህ ሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ከአዋሽ ወንዝ ወዲህ የእኔን ያህል የፍለጋ ማውጫ ማዋቀር የሚችል ሰው አልነበረም። ይህን የምለው ራሴ ይመር አሊጋዝ ነኝ። ሌላ ሰው ቢለው ይሻል ነበር፤ ግን ሰው ሥራ በዝቶበታል።

የምሠራው ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ባለው ቤተ መጻሕፍት ነው። ስድስት ሚሊዮን መጻሕፍት አሉን። እሺ፣ አራት። የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ወረቀት ሁሉ ከየቤቱ ሲሰበሰብ ተራራው ተፈልፍሎ መጋዘን ሆነና እዚያ ገቡ። የሚያስገቧቸውም የሚያወጧቸውም ማሽኖች ናቸው፤ ማሽኖቹ ደግሞ የሚሰሙት ማውጫውን ብቻ ነው። ማውጫው የማያውቀው መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም የለም።

ሰዉም እንደዚያው ነው። እያንዳንዱ ሰው በዓመት አንድ ጊዜ፣ በተወለደበት ወር፣ ለፍለጋ ይቀርባል። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ የክት ልብሱን ለብሶ ይሰለፋል። ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ ስሙንና ይገኝልኝ የሚለውን ነገር ይናገራል፤ ትዳሩን፣ ልጁን፣ ቤቱን። ማውጫው ይፈልግና ጣት የምታህል ወረቀት ይተፋል። «ተገኝቷል» ወይም «አልተገኘም» ትላለች። ክሊኒኩም፣ አውቶቡሱም፣ የቤቶች ክፍሉም የሚያምነው እሷን ነው። የተገኘ ሰው ወረቀቷን ጫፏ እንዲታይ አድርጎ ደረት ኪሱ ይከታታል። መንገድ ላይ ሰው ሲገናኝ «ተገኘህ?» ይባባላል። «ተገኘሁ፣ አልሐምዱሊላህ።» «ተመስገን፣ እኔም ትናንት ተገኘሁ።» ያልተገኘ ሰው ሰላምታ አይሰጥም፤ በሌላኛው ዳር ያልፋል።

የእኔ ችግር ኮምቦልቻ ነበር።

የእኛ ፍለጋ ሦስት ሰከንድ ይፈጃል። የኮምቦልቻው አንድ ተኩል። ይህቺ ልዩነት ምን ያህል እንዳዋረደችን ላስረዳ አልችልም። መናኸሪያ ላይ የኮምቦልቻ ሰው ደሴዎችን ካየ «እናንተ ስማችሁን ሰጥታችሁ፣ ምሳ በልታችሁ ነው አሉ የምትመለሱት» ይላል። አንዱ እንዲያውም ለእኔ፣ ለራሴ፣ በአማቴ ልጅ ሠርግ ላይ አለኝ። በዚያው ዓመት የቤተ መጻሕፍት ውድድር ታወጀ፤ ዳኞቹ ጥቅምት አሥራ ስምንት ቀን መጥተው ፍጥነት ይለካሉ ተባለ። ማልኩ። የደሴ ሰው ሁሉ ፊት ማልኩ፤ ማለቴ፣ ሻይ ቤት ውስጥ ሰባት ሰው ፊት።

ጳጉሜ መጨረሻ ላይ የማውጫውን ቅንብር ከፍቼ ቁጭ አልኩ። ፍለጋው አራት ቦታ ያያል፤ ርእስ፣ ደራሲ፣ የመጽሐፉ ሙሉ ጽሑፍ፣ ኅዳግ። ኅዳግ የምንለው በገጹ ዳርና በባዶ ቅጠሎቹ ላይ በእጅ የተጻፈውን ሁሉ ነው። የእጅ ጽሑፍ ለማሽን አስቸጋሪ ስለሆነ አንዷን ቃል «ይህ ይሆን? ያ ይሆን?» እያለ በአሥር ግምት ይይዛታል። ስለዚህ ኅዳግ ትንሽ ሆኖ ሳለ የማውጫውን ግማሽ ይበላል። የፍለጋ መዝገቡን አየሁ። ከመቶ ጠያቂ ኅዳግ ውስጥ መልሱን የሚያገኘው አንድ ሰው ብቻ ነው።

አንድ! ለአንድ ሰው ብሎ ዘጠና ዘጠኙን ማስጠበቅ ግፍ ነው አልኩ። ከኅዳግ ፊት ለፊት ያለችውን ምልክት አነሣኋት። ጣቴን ማንሣትና ማሳረፍ ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። ከዚያ ማውጫው እንደ አዲስ እንዲሠራ አዘዝኩ፤ አሥራ አንድ ቀን ፈጀበት፣ መስከረም አሥራ ሁለት ቀን ጨረሰ።

የመስኮት ሠራተኛችን አበቡ ትባላለች። ሠላሳ ዓመቷ ነው፣ ምላሷ ግን ከእኔ ይበልጣል። ለሙከራ ጠራኋት።

«ስም አስገቢ» አልኳት።

«የማንን?»

«የማንን ትያለሽ እንዴ? ይመር አሊጋዝ።»

አስገባች። ዐይኗን ሳትጨፍን መልሱ መጣ። ዜሮ ነጥብ አራት ሰከንድ! ስሜ ስምንት ቦታ ተገኘ።

«ሦስት ቦታ ነው ጋሼ» አለች አበቡ።

«ስምንት መሆን ነበረበት።»

«ደግሞ ሌላ ስም አይሞከርም? የሠፈራችን አሮጊቶች፣ የገጠር ሰው…»

«የእኔ ስም ካለፈ የማን ስም ይቀራል?»

ሳቀች። ስለሳቀች ፈተናው አለፈ። እንግዲህ የሠራሁት ስህተት ይህ ነው፤ ለአራት ሚሊዮን መጽሐፍ በራሴ ስም ማረጋገጫ ሰጠሁ። የእኔ ስም ደግሞ የታተመ ስም ነው፤ ልደቴም ትዳሬም ዲፕሎማዬም በማተሚያ ቤት ቀለም የተጻፉ ናቸው። ዕድሜ ልኬን ኅዳግ ላይ ተጽፌ አላውቅም።

ጥቅምት ሦስት ቀን እትዬ ጦይባ እንድሪስ መጡ።

ከሰልፉ ላይ ሳያቸው ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ቢጫ ሻሽ ያሰሩ ሴትዮ ነበሩ። ሰባ ዓመት የሞላቸው በዚያው ወር ነው። ሰባ የሞላው ሰው ልጅ ከተገኘለት ከልጁ ጋር ይኖራል። ካልተገኘለት በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ሐይቅ ከተማ ወዳለው የአረጋውያን ሠፈር ይወሰዳል። ሠፈሩ ንጹሕ ነው፣ ምግቡም ጥሩ ነው ይባላል፤ ከዚያ ተመልሶ የነገረን ግን የለም።

«ጦይባ እንድሪስ» አሉ መስኮቱ ላይ። «ልጄ ረምላ ትገኝልኝ።»

ወረቀቷ ወጣች። አበቡ አነበበችና መልሳ አየቻት። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ፍጥነቱን እያደነቅኩ ነበር።

«ምን ይላል የኔ ልጅ? ዐይኔ አይለይም።»

«አልተገኘም ይላል እትዬ።»

«አይ፣ አለች፣ ደግመሽ ሞክሪው። አምና አብሬያት ስመጣ ያው ገጽ ወጥቶልን ነበር። ባሌ አላህ ይርሐመውና ንብ አናቢ ነበር። እናቷ በወሊድ ስትሞት ሕፃኗን እኔ ወሰድኳት፤ ሽማግሌዎቹ ፊት ልጄ ናት ብዬ አውራ ጣቴን ማር ነክሬ አጠባኋት። ቀበሌው በዚያ ዓመት ሦስት ወር ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ በባሌ የንብ መጽሐፍ መጨረሻ ባዶ ቅጠል ላይ ጻፉት። ወረቀት ሲሰበሰብ መጽሐፉን ለእናንተው ሰጠነው።»

አበቡ ሁለተኛም ሦስተኛም ሞከረች። ሁሉም ዜሮ ነጥብ አራት ሰከንድ ነው፤ ሁሉም «አልተገኘም» ነው። ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሼ፣ አምና የነበረ ዘንድሮ የት ይሄዳል?»

ያን ጊዜ ገባኝ። አፌ ግን ልማዱን አልተወም።

«አብሽሩ እትዬ» አልኳቸው። «እዚህ አገር ከእኔ የሚያመልጥ መጽሐፍ የለም። እኔው ራሴ ፈልጌ አወጣዋለሁ።»

«አንተ ማነህ?»

«ይመር እባላለሁ። ማውጫውን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«ኧረ እሰይ!» አሉ፤ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። «እንግዲያ ሰው አገኘሁ።»

ከሄዱ በኋላ በሬን ዘግቼ መዝገቡን ከፈትኩ። ድሮ በወር «አልተገኘም» የሚባለው ሠላሳ ሰው ነበር፣ አንዳንዴ ሠላሳ አምስት። ከመስከረም አሥራ ሁለት ወዲህ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሆኗል። ይህን ቁጥር አላጋነንኩትም።

ማድረግ የነበረብኝ ግልጽ ነው፤ ምልክቷን መልሼ ማስቀመጥ፣ ማውጫው አሥራ አንድ ቀን ፈጅቶ እንደ አዲስ እንዲሠራ መተው፣ ለሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው ጥፋቱ የእኔ ነው ማለት። ግን ጥቅምት አሥራ ስምንት ነበር ውድድሩ። ኅዳግ ከተመለሰ ወደ ሦስት ሰከንድ እንመለሳለን፤ የኮምቦልቻ ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ሠርግ ላይ ይጠብቀኛል። ስለዚህ አንድ ብልሃት ዘየድኩ። የእትዬ ጦይባን መጽሐፍ ብቻ በዐይኔ ፈልጌ አገኘዋለሁ፣ ያቺን አንዲት ገጽ በእጄ ማውጫው ውስጥ አስገባታለሁ። ሌላውን ከውድድሩ በኋላ።

መጽሐፉ ሽፋን እንዳልነበረው ነግረውኛል። ሽፋን የሌላቸው መጻሕፍት በአንድ ጎራ ተከማችተዋል፤ ርእሳቸው አይታወቅም፣ ፎቷቸው ብቻ አለ። ሃያ ሺህ ናቸው። እውነቱን ለመናገር አሥራ አንድ ሺህ። በየቀኑ ጠዋት ገብቼ የመጨረሻ ቅጠላቸውን በስክሪኑ ላይ አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ።

ይህን ሥራ ባልጀምረው ይሻለኝ ነበር። ባዶ መስሎኝ የነበረው ቅጠል ሁሉ ሙሉ ነው። በአንዱ የሒሳብ መማሪያ ጀርባ ሁለት ቤተሰቦች ደም ታርቀዋል፤ የሃያ ሰው ስም ተጽፎበታል። በአንዱ የልብስ ስፌት መጽሐፍ ላይ አንዲት ሴት ልጅ ስም ወጥቶላታል፣ ማን እንዳወጣላት ጭምር። በአንዱ ላይ ደግሞ ወንድማማቾች የእርሻቸውን ድንበር ከሾላ ዛፍ እስከ ጥቁር ድንጋይ አስፍረዋል። አሻራም ያለበት አለ። ሰው መሐላውን የሚያስቀምጥበት ሌላ ቦታ ሲያጣ ቤት ውስጥ በተገኘው መጽሐፍ ላይ ጽፎ ነበር፤ እኔ ያንን ሁሉ አንድ በመቶ ብዬ አነሣሁት። «ይህ አይደለም» እያልኩ አለፍኳቸው። በቀን ስምንት መቶ ሰው አለፍኩ።

ጥቅምት አሥራ ስድስት ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ አገኘሁት። ስለ ቀፎ አሠራር የሚያወራ መጽሐፍ ነው። የመጨረሻው ቅጠል ላይ እንዲህ ይላል፤

«በ2060 ዓ.ም. ጥር 9 ቀን፣ የአራት ወር ሕፃን ረምላ ሁሴንን ጦይባ እንድሪስ አውራ ጣቷን ማር ነክራ አጥብታ ልጄ ናት ብላለች። ከእንግዲህ ልጇ አይደለችም የሚል ቢነሣ እኛ አለን።» ከሥሩ አምስት ስሞች አሉ።

ዘልዬ ተነሣሁ። በሩን ከፍቼ ልጮህ ነበር። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አንዴ የወጣ «አልተገኘም» እንዲሻር የስህተት መዝገብ ላይ መፈረም አለበት። በውድድር ሳምንት የስህተት መዝገቡ የተከፈተ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ከውድድር ይወጣል። ሁለት ቀን ነው የቀረው። ሁለት ቀን ምንድን ነው? ዐርብ ቢወስዷቸው ቅዳሜ እፈርማለሁ፣ እሑድ ቤታቸው ናቸው። ሐይቅን አይተው ይመለሳሉ። እንዲያውም አየር መለወጥ ነው አልኩ ለራሴ።

ተመልሼ ተቀመጥኩ።

አበቡ በሩን ገፋ አድርጋ አየችኝ። «ፊትህ ሌላ ሆኗል ጋሼ። ተገኘ እንዴ?»

«ገና ነው።»

በማግስቱ እትዬ ጦይባ ልጃቸውን አስከትለው መጡ። ረምላ ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። የአውቶቡስ ሞተር ትጠግናለች፤ ጥፍሯ ሥር ቅባት አለ፣ ድምጿ ወፍራም ነው።

«እሳቸው ናቸው?» አለች እናቷን። «ከአዋሽ ወዲህ የለም የተባሉት?»

«ዝም በይ አንቺ! ይቅር በላት ልጄ፣ ጋራዥ ነው ያሳደጋት።»

«ጋራዥማ ባያሳድገኝ ኖሮ አንቺን ማን በአውቶቡስ ያንሸራሽርሽ ነበር?» አለችና ወደ እኔ ዞረች። ሳቋ ጠፋ። «ጋሼ፣ ነገ ነው የሚወስዷት። የእሷ ብቻ አይደለም፤ የምትጦረው ወላጅ የላትም ተብዬ እኔም ሩቅ አገር የሥራ ምደባ ውስጥ እገባለሁ። እባክዎ።»

«አይዞሽ። ትናንት ብቻ ሁለት ሺህ መጽሐፍ አይቻለሁ።»

«ዐይንዎ አያምዎትም?»

«ያመኛል።»

እውነት ነበር፤ ዐይኔ ቀልቷል። እትዬ ጦይባ ከመቀነታቸው ፈትተው በትንሽ ብልቃጥ ማር ሰጡኝ። ለዐይን ጥሩ ነው አሉ። ተቀበልኩ። የመጽሐፉ ገጽ ከኋላዬ በዘጋሁት ስክሪን ላይ ነበር፤ ዞር ብል አሳያቸዋለሁ። ምደባው የሚወጣው መቼ እንደሆነም አልጠየቅኩም።

ጥቅምት አሥራ ስምንት ቀን ጠዋት የአረጋውያን ሠፈሩ ነጭ አውቶቡስ መጣ። ከሰዓት በኋላ ዳኞቹ መጡ። መቶ ስም አስገቡ፤ ሁሉም የታተመ ስም ነው። ዜሮ ነጥብ አራት! ኮምቦልቻ አንድ ነጥብ ሦስት። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ ሦስት ሺህ ሰው… አይ፣ አዳራሹ የሚይዘው መቶ ሃያ ነው። ከናስ የተሠራ ሰሌዳ ሰጡኝ። የኮምቦልቻው ሰው መጥቶ ጨበጠኝ፣ «በምን አመጣኸው?» አለኝ። «በችሎታ» አልኩት።

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የስህተት መዝገቡን ከፍቼ ፈረምኩ። የስህተቱ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «ማሽኑ መጽሐፉን በተሳሳተ መደርደሪያ አስቀምጦ ነበር» ብዬ ጻፍኩ። ገጿን በእጄ አስገባሁ። ወረቀቷ ወጣች፤ «ረምላ ሁሴን፤ የጦይባ እንድሪስ ልጅ፤ ተገኝቷል።»

ወረቀቷን ይዤ ጋራዡ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ሰማያዊ ቱታ የለበሰ ሰውዬ ከአውቶቡስ ሥር ወጣ።

«ረምላን ነው? ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ሄደች። ጎዴ ደረሳት፣ የአራት ዓመት ምደባ ነው። ትናንት እናትየው ከቤት ሲወጡ ስሟ በዚያው ቅጽበት ምደባ ዝርዝር ላይ ወጣ።»

«አይሻርም?»

«ከተሳፈሩ በኋላ? ኧረ እንዴት ተደርጎ!» አለና እጁን በጨርቅ እየጠረገ አየኝ። «ዘመድ ነህ?»

አይደለሁም አልኩት።

እሑድ ሐይቅ ወረድኩ። የአረጋውያኑ ሠፈር ከውኃው ዳር ነው፤ ቤቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ በሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት። እትዬ ጦይባ ከሌሎች ጋር ዋርካ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ድምፄን ሲሰሙ ወዲያው ተነሡ።

«ይመር! አገኘኸው?»

«አገኘሁት እትዬ።»

«በል አንብብልኝ።»

የገጹን ቅጂ ከወረቀቷ ጋር ይዤ ነበርና አነበብኩላቸው። ሁሉንም፣ አምስቱን ስሞች ጭምር። እያንዳንዱ ስም ሲጠራ «እሱም ሞተ፣ እሱም ሞተ» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኛ አለን» የሚለው ላይ ስደርስ ድጋሚ አስነበቡኝ።

«ረምላ ጎዴ መሄዷን ሰምተዋል?» አልኩ።

«ዛሬ ጠዋት ደወለች። ሙቀቱ ሞተር ያቀልጣል ትላለች፤ በሳቅ ገደለችኝ። አራት ዓመት ነው አሉ፤ እስከዚያ እዚሁ ነኝ። ሰባ አራት ይሆነኛል። አላህ ካቆየኝ።» ወረቀቷን ከእጄ ወስደው ደረታቸው ላይ ለጠፏት። «ሁለት ቀን ነው የቀደሙን። ሁለት ቀን ብቻ ቀድመህ ብታገኘው ኖሮ… ምን ታደርግ፣ ዐይንህ እስኪቀላ ፈለግክ። አየሁ እኮ።»

አሁን ተናገር አልኩ ለራሴ። አፌ ዕድሜ ልኩን ያልተጠየቀውን ሲዘከዝክ የኖረ አፍ ነው። አልከፈት አለ።

እትዬ ጦይባ ወደ ተቀመጡት ዞሩ። «ሰዎች፣ ይህ ልጅ ልጄን ያገኘልኝ ነው! አሥራ አንድ ሺህ መጽሐፍ አንድ በአንድ ያየ ሰው ነው። ኑ እንመርቀው።»

ተሰበሰቡ። አሥራ ዘጠኝ ነበሩ። አንዱን ሽማግሌ፣ እንዲያው ዝም ላለማለት፣ «መቼ መጡ አባባ?» አልኳቸው።

«መስከረም ማለቂያ ላይ። ሦስት ልጆች አሉኝ፣ አልተገኙም አሉኝ» አሉ፣ እንደ ቀልድ። አጠገባቸው ያሉት ሴትዮም «እኔም በዚያው ሳምንት» አሉ። ሌሎቹም ቀናቸውን መጥራት ጀመሩ፤ ጥቅምት ሁለት፣ ጥቅምት አምስት፣ መስከረም ሃያ። ከአሥራ ዘጠኙ ከመስከረም አሥራ ሁለት በፊት የመጡት ስድስት ብቻ ነበሩ።

አንበረከኩኝ። እጆቻቸው ሁሉ ወደ ላይ ተዘረጉ። እትዬ ጦይባ ጀመሩ።

«ዕድሜህ ይርዘም!»

«አሚን» አሉ ሁሉም። እኔም አልኩ።

«የገባህበት ይቅናህ!»

«አሚን።»

«ክፉ አይንካህ፣ ክፉ አያሰማህ!»

«አሚን።»

«የጠፋ ሁሉ በእጅህ ይገኝ!»

እኚያ ሦስት ልጆች ያሏቸው ሽማግሌ በዚህኛው ላይ ድምፃቸውን ከሁሉም በላይ ከፍ አደረጉ። እኔን ጠበቁኝ፤ ምርቃት የሚጸናው ተመራቂው ሲቀበል ነው። መዳፌን ዘረጋሁና አሚን አልኩ።